የሻካራው ድምፅ ታሪክና የሬዚስተር ምርጫ

የኤሌክትሪክ ጊታር ከሚያሰማቸው ድምፆች መካከል በሻካራነቱ የታወቀውና ሙዚቀኞች «ፈዝ» የሚሉት ድምፅ ከመሣሪያ ብልሽት የተወለደ ነው። በናሽቪል ከተማ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን «ዶንት ዎሪ» ውስጥ፣ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው ባስ ጊታር በተበላሸ የመቅረጫ መሣሪያ በኩል በማለፉ እያጓራ ወጣ። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲም ይህንኑ ብልሽት ሆን ብሎ የሚፈጥር የትራንዚስተር መሣሪያ ከባልደረባው ጋር ነደፈ፤ ጊብሰን ኩባንያ በ1962 ለገበያ አቀረበው። በ1965 የሮሊንግ ስቶንሱ ኪዝ ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተባለው ዘፈን ከተጠቀመበት ወዲህ ፈላጊው በዛ።

በ1966 በለንደን የወጣውና ጂሚ ሄንድሪክስ ያገነነው «ፈዝ ፌስ» ክብ ሣጥኑ ቢከፈት፣ መቆጣጠሪያዎቹን ሳንቆጥር፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና አራት ሬዚስተር ብቻ ይገኝበታል። ኃይሉ አንዲት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ናት። እንዲህ ያለውን ሥራ በቤት ጠረጴዛ ላይ ለመበየድ የሚያግድ ነገር አልነበረም። ክሬግ አንደርተን በ1975 ለሙዚቀኞች ያሳተመው የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍም ጊታር ከመምታት በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረውን ሁሉ መበየጃ እንዲያነሣ አደፋፈረ።

የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ሬዚስተር የማከራከሪያ ርእስ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ገና በብዛት ይሠራበት የነበረው የካርቦን ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ የሚዘጋጀው ዓይነት ነው። በኋላ በሸክላ ዘንግ ላይ ስስ የካርቦን ወይም የብረት ሽፋን ያለባቸው ተተኩ። አያሌ ሠሪዎች የጥንቱን ድምፅ ለመመለስ የጥንቱ ሬዚስተር ግድ ነው ብለው ውድ ዋጋ ይከፍሉበታል። ይህ እምነት ግን ከጆሮ ይልቅ ከናፍቆት የመነጨ ይመስለኛል።

የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ጆንሰንና ናይኲስት በ1928 እንዳስረዱት፣ ማናቸውም ሬዚስተር ከምንም ቢሠራ እንደ ሙቀቱና እንደ መጠኑ ሽው የሚል ስስ ድምፅ ያመነጫል። በልውሱ ካርቦን ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ የሚነካኩት ወጥ ባልሆነ ሁኔታ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዚህ ላይ የራሱን ሁካታ ይጨምራል። እርጥበትና የብየዳ ሙቀትም መጠኑን ያዛቡታል። «ድምፅን ያለሰልሳል» የሚባልለት ጠባዩ የሚታየው በመቶ የሚቆጠር ቮልት ባለበት የቫልቭ ማጉያ ውስጥ እንጂ በ9 ቮልት አይደለም።

የጥንቶቹ ሣጥኖች ጠባይ የተለያየበት ምክንያት ወዲህ ነው። በፈዝ ፌስ ሁለተኛው ትራንዚስተር የሚሠራበትን ቮልት ከሚወስኑት አንዱ ባለ 8200 ኦም ሬዚስተር ነው። የ10 በመቶ ልዩነት ከተፈቀደለት እውነተኛ መጠኑ ከ7380 እስከ 9020 ሊደርስ ይችላል። የጀርማኒየም ትራንዚስተሮችም አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ በዚህም የተነሣ አንዱ ሣጥን ሲያዜም መንትያው ያንቋርራል። እንግዲህ የሚወደውን አሮጌ ሣጥን ድምፅ የሚሻ ሠሪ መለካት ያለበት የሬዚስተሩን መጠን ነው። ዓይነቱ የሚያሳስበው ገና ያልጐላውን የጊታር ድምፅ በሚቀበለው መግቢያ ላይ ነው፤ እዚያ የሚፈጠር ሽውታ ከዜማው ጋር አብሮ ስለሚጐላ የብረት ሽፋን ያለው ይመረጣል። በቀሩት ቦታዎች ርካሹ የካርቦን ሽፋን ይበቃል።