ማንም ያልለቀመው ቃል

በ1885 ኦክስፎርድ ከተማ፣ ባንበሪ ሮድ ቁጥር 78 ግቢ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተሠራች። (በኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ፤ የቀረው የአውሮፓውያኑ ነው።) ጎረቤት የነበረ ፕሮፌሰር «እይታዬን ትጋርዳለች» ብሎ ስላማረረ መሬቱ ተቆፍሮ ወለሏ ዝቅ ተደረገ። በዚህም የተነሳ ቤቲቱ ብርድና እርጥበት አይለያትም ነበር። ባለቤቷ ጄምስ መሬይ ቅዝቃዜው ሲጠናበት እግሩን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ይጽፍ ነበር። ታላቁን የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብዙውን ያዘጋጀው እዚያች ቤት ሆኖ ነው።

እኔ ያረጀሁት እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት፣ በ1973 አዲስ አበባ የታተመው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ጀርባው ተገንጥሎ በጨርቅ ፕላስተር አጣብቄው እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ አልተነሳም። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው ረጅምና እንግዳ ቃል አልነበረም፤ እሱን አንዴ ይሸመድዱታል፣ አለቀ። የሚያስቸግራቸው «ረን»ን የመሰለው ነው። «ሮጠ» ብለው ያጠኑትን ቃል ይዘው «አፍንጫዬ እየሮጠ ነው» ብለው ይተረጉሙልኝ ነበር። እንግሊዙ ግን በዚሁ ቃል ንፍጥ ይወርዳል ይላል፤ ሞተር ይሠራል፣ ሱቅ ያስተዳድራል፣ ለምርጫ ይወዳደራል፣ መንገዱ እስከ ወንዙ ይዘልቃል፣ የእግር ሹራብ ይተረተራል ይላል። ይህን ሁሉ ማን ቆጥሮ፣ ማን ለይቶ ጻፈው? ለዓመታት የጠየቅሁት ይህንን ነው።

መንገዱን በሰፊው የከፈተው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ለንደን ጎፍ ስኩዌር በሚባል ቦታ፣ ከስድስት ረዳቶች ጋር ሠርቶ በ1755 መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ትርጉምን ከራሱ አላመነጨም። መጻሕፍት እያነበበ በእርሳስ ያሰምራል፤ ረዳቶቹ የተሰመረበትን ዓረፍተ ነገር ብጣሽ ወረቀት ላይ ይገለብጣሉ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ነው «ቴክ» የሚለው ቃል ከመቶ በላይ አገባብ እንዳለው የታወቀው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ የለንደን የፊሎሎጂ ማኅበር ሰዎች ነባሮቹ መዝገበ ቃላት ብዙ እንደጎደላቸው አይተው አዲስ ሥራ ጀመሩ። ሥራው ተንቀራፎ፣ አዘጋጅ ሞቶ፣ ሌላ ተተክቶ በ1879 መሬይ እጅ ገባ። መሬይ የስኮትላንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ በ14 ዓመቱ ትምህርት ቤት ተሰናብቶ ቀሪውን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው። ሲረከብ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ወረቀት በጆንያና በሣጥን ታጭቆ መጣለት። ከአንዱ ውስጥ የሞተ አይጥ፣ ከሌላው ውስጥ ወልዳ የተኛች አይጥ ተገኘች። የ«ኤች» ፊደል ወረቀት ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ተቀምጦ ነበር። በ«ፒኤ» ከሚጀምሩት ቃላት ከፊሉ አየርላንድ ውስጥ እሳት ማቀጣጠያ ሆኗል።

መሬይ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሕዝብ ሁሉ የጥሪ ጽሑፍ አሳትሞ በተነ። አንብቡ፣ ዓይናችሁን የሳበውን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ፣ ከመጽሐፉ ስምና ከዓመቱ ጋር በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ አለ። ቄሱ፣ የቤት እመቤቷ፣ ጡረተኛው ያለ ክፍያ ይልኩለት ጀመር። ፖስታው ከመብዛቱ የተነሳ ከበሩ ፊት ለፊት የፖስታ ሳጥን ተተከለ። ከወረቀቱ ጋር ግን አንድ ችግር አብሮ መጣ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝም እሱ ነው። ሰው ዓይኑን የሚስበው እንግዳው ቃል ነው። ስለዚህ «አቢውዥን» ለሚባል ማንም ለማይናገረው ቃል ሃምሳ ያህል ጥቅስ ሲደርሰው፣ ሁሉም በየቀኑ ለሚጠቀምበት «አቢውዝ» የደረሱት ግን አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ተራውን ቃል ለመልቀም ጎንበስ ያለ አልነበረም። መሬይና ረዳቶቹ የተለመዱትን ቃላት ጥቅስ ራሳቸው መጽሐፍ ለመጽሐፍ ሊያድኑ ተገደዱ።

ይህን ክፍተት በመሙላት በኩል ዊልያም ማይነርን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ነበር፤ አእምሮው ታውኮ በ1872 ለንደን ውስጥ አንድ ምስኪን ሠራተኛ ተኩሶ ስለገደለ ብሮድሙር በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተዘጋበት። የሟቹ ሕይወት መቼም አይረሳም። ማይነር ግን በክፍሉ ውስጥ ለሚያነበው መጽሐፍ ሁሉ የቃላት ማውጫ ያዘጋጅ ነበር። «አሁን የትኛው ቃል ላይ ናችሁ?» ብሎ ጽፎ ይጠይቃል፤ ለተጠየቀው ቃል፣ ተራም ቢሆን፣ ጥቅሱን ከማውጫው አውጥቶ ይልካል።

ወረቀቱ ሲደርስ የመሬይ ልጆች፣ አሥራ አንዱም በየተራቸው፣ ለጥቂት ፔኒ በፊደል ተራ ይለያሉ። ከዚያ አዋቂዎቹ የአንዱን ቃል ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይከምራሉ፦ ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚያኛው ጋር ይሄዳል፣ ይህ ለብቻው ይቁም። እያንዳንዱ ክምር አንድ ትርጉም ነው፤ በክምሩ ውስጥ ደግሞ የቀደመው ዓመት ከላይ ይሆናል። የቃሉ ታሪክ ከዚያ ይነበባል። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ሲወጣ ገና «አንት» ላይ ነበሩ። መሬይ በ1915 ሥራው ሳያልቅ ሞተ። በ1928 ሲጠናቀቅ 414,825 ቃላትና ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጥቅሶች ይዞ ወጣ።

በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ብዙ ትርጉም በመያዝ የሚመራው በኤስ፣ ኢ፣ ቲ የሚጻፈው ሦስት ፊደል ቃል ነበር፤ 430 ትርጉም። በ2011 ግን «ረን» ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ተቀምጦበት ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ለየ። ባቡሩ፣ ፋብሪካው፣ ኮምፒዩተሩ ሁሉ «ይሮጣል» ስለተባለ ቃሉ ከማሽኑ ጋር አብሮ ተባዛ።

ከመሬይ ቀደም ብሎ ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባል ሐኪም ሥራውን ከተቃራኒው ጫፍ ይዞት ነበር፤ ለአንድ ቃል ብዙ ትርጉም በመፈለግ ፋንታ ለአንድ ሐሳብ ብዙ ቃል ሰበሰበ። በ1805 ለራሱ የጀመረውን ማስታወሻ በ1852፣ በ73 ዓመቱ፣ በ1,000 ርእስ ከፋፍሎ አሳተመ። ጠቃሚ መጽሐፍ ነው። ተማሪ ግን ተመሳሳይ ቃላት ሲያይ እኩል የሆኑ ይመስለዋል፤ አይደሉም። ልዩነታቸውን የሚያሳየው ከነዓረፍተ ነገሩ የተለቀመው የመሬይ ወረቀት ነው።

የእኛም ሊቃውንት ቀላል ሥራ አልሠሩም። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል፤ ያለ እነሱ ዛሬ ደፍሮ የሚጽፍ የለም። እያንዳንዱን ትርጉም ከነዓመቱ በጥቅስ የሚያሳይ ትልቅ መዝገብ ግን ገና የለንም። «በላ»ን ብቻ ተመልከቱ፦ እንጀራ በላ፣ ጉቦ በላ፣ ቃሉን በላ፣ ዳማ ላይ ጠጠር በላ፣ እህሉን ነቀዝ በላው፣ እጄን ይበላኛል። የትኛው ቀደመ? የትኛው ጎንደር ይባላል፣ ሸዋ ግን አይባልም?

አንባቢ ሆይ፣ ከሰኞ ጀምረህ የደብተርህን ቅጠል ለሁለት ለሁለት ቅደድ። አያትህ፣ ታክሲ ረዳቱ ወይም ያነበብከው ጋዜጣ «በላ» ወይም «ያዘ» ያሉበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፍ፤ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳለው ጨምር። በአንድ ወረቀት ከአንድ ቃል በላይ አታስፍር። ሣጥን ውስጥ አኑረው፤ ለሚቀጥለው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስጠው።