ሀብት የሌለው አይወዳደር

እ.ኤ.አ. በ1858 ኤድዋርድ ግሎቨር የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ኒውጌት እስር ቤት ገባ። አልሰረቀም፤ ሰው አልገደለም። የቤቨርሊ ከተማ መራጮች ድምፃቸውን ሰጥተውት ፓርላማ ሲገባ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሀብት አለኝ ብሎ ማረጋገጫ ሰጥቶ ነበር። ቢጣራ የተባለው ሀብት የለም። መጀመሪያ ወንበሩን ተነጠቀ፣ ቀጥሎ ተከሰሰ፣ በመጨረሻም በሐሰት ማረጋገጫ ተፈረደበት። ጉድ ያሰኘው ግን ቅጣቱ ነበር። ብዙ እንደራሴዎች በዚያው ዘዴ ምክር ቤት መግባታቸውን በፖለቲካው መንደር የማያውቅ አልነበረም።

ግሎቨርን ያሳሰረው ሕግ የወጣው በንግሥት አን ዘመን፣ በ1711 ነው (የብሪታንያው ታሪክ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አውራጃ ወክሎ የሚወዳደር ሰው ከመሬት በዓመት 600 ፓውንድ፣ ከተማ ወክሎ የሚወዳደር ደግሞ 300 ፓውንድ ገቢ ሊኖረው ይገባል ይላል። ሕጉን ያወጡት ባለርስቶች ስለ ድሃው ተጨንቀው አልነበረም፤ ድሃው ፓርላማ ይገባል ብሎ ያሰበም የለም። ያሰጋቸው በንግድ፣ በባንክና ለመንግሥት የጦርነት ወጪ በማበደር የከበረው አዲስ ሀብታም ነው። መሬት የሌለው ሰው ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለአገር አይታመንም የሚል እምነት ነበራቸው። ለራሳቸው ወገን ግን ቀዳዳ መተው አልረሱም። የመሳፍንቱ የበኩር ልጆች ከግዴታው ነጻ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚወክሉትም እንዲሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ጭራሽ አይሠራም።

ማምለጫው ብዙ ብልሃት አልጠየቀም። ባለጸጋ ወዳጅ ከርስቱ የሚገኘውን ዓመታዊ ገቢ በወረቀት ለዕጩው ያስተላልፍለታል። ዕጩው ሰነዱን ይዞ ይምላል። ወንበሩን ካገኘ በኋላ ወረቀቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ከርስቱም አንዲት ስንዝር ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈችም። በ1760 ሕጉ ጠበቅ ብሎ እንደራሴው የሀብቱን ዝርዝር በጽሑፍ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የወረቀቱ ሥራ በዛ እንጂ ልማዱ አልቀረም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕጉ ሀብታም ወዳጅ ያለውን ከሌለው የሚለይ ወንፊት ሆኖ ቀረ።

ከሕጉ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው የምርጫው ወጪ ነበር። በ1807 በዮርክሽር አውራጃ የሆነውን ማየት ይበቃል። ለሁለት ወንበር ሦስት ሰዎች ቀረቡ፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን በዮርክ ከተማ ብቻ ነው። ምርጫው 15 ቀን ፈጀ፤ ከ20,000 በላይ መራጭ ከሰፊው አውራጃ ዳርቻ ሁሉ ወደዚያች ከተማ ተጓዘ። መራጩ በሠረገላ፣ በእርሻ ጋሪና በጀልባ ሲመጣ ኪራዩን የሚከፍለው ዕጩው ነው። መራጩ መንገድ ላይ ያድራል፤ የማደሪያው፣ የምግቡና የቢራው ሒሳብም የዕጩው ነው። የኧርል ፊትዝዊልያም ልጅ ሎርድ ሚልተንና የሎርድ ሄርውድ ልጅ ሄንሪ ላሴልስ ለየብቻቸው ወደ 100,000 ፓውንድ ገደማ እንዳፈሰሱ በጊዜው ተወርቷል። ሦስተኛው ዕጩ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበር። በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ በእሱ ትግል ጸድቆለት ስሙ ከዳር እስከ ዳር ገንኗል። እንዲያም ሆኖ ደጋፊዎቹ በመዋጮ 64,000 ፓውንድ ገደማ ሰብስበው ከ28,000 በላይ አውጥተውለታል። ዊልበርፎርስ አንደኛ ወጣ፣ ሚልተን ተከተለው፣ ላሴልስ ያን ሁሉ ገንዘብ በትኖ ባዶ እጁን ተመለሰ።

በ1838 ሠራተኞችና ደጋፊዎቻቸው “የሕዝብ ቻርተር” የተባለ ሰነድ አወጡ። ከስድስቱ ጥያቄዎች ሁለቱ በቀጥታ ከገንዘብ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ የሀብት መስፈርቱ እንዲሰረዝ፣ ሁለተኛው እንደራሴዎች ደሞዝ እንዲከፈላቸው ይጠይቃል። የቻርተሩ ሰዎች ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጡት አስበውበት ነው። መስፈርቱ ቢነሳ እንኳ፣ ያለ ደሞዝ ለንደን ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣ ሸማኔ ምን ይበላል? በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው።

በ1858፣ ግሎቨር በተፈረደበት ዓመት፣ ፓርላማው አሳፋሪ የሆነበትን የሀብት መስፈርት ራሱ ሻረው። የቻርተሩ አንድ ጥያቄ ያለ ሰልፍና ያለ ግርግር ተመለሰ ማለት ነው። ውጤቱ ግን ምንም ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት 16 ዓመታት አንድም የእጅ ሥራ ሠራተኛ ፓርላማ አልገባም። በ1867 በከተማ የሚኖሩ ብዙ ሠራተኞች የመምረጥ መብት አገኙ፤ በተከታዩ ዓመት ከእነሱ ወገን ዕጩዎች ቀረቡ፣ ሁሉም ወደቁ። የምርጫ ጣቢያው ማሠሪያና የጸሐፊዎቹ አበል ሳይቀር ከዕጩዎች ኪስ ይከፈል ነበር። መንግሥት ምርጫ ያዛል፤ ሒሳቡን የሚዘጋው ተወዳዳሪው ነው።

ይህን የሰበሩት ድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው። ቶማስ በርት በ10 ዓመቱ ጉድጓድ የገባ ሰው ነበር። በኋላ የኖርዘምበርላንድ ቆፋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። በ1874 ማኅበሩ ሞርፔዝ በተባለው የምርጫ ወረዳ አቀረበው፤ ወጪውን ሸፈነለት፤ ሲያሸንፍም ለንደን የሚኖርበትን ደሞዝ ቆረጠለት። በዚያው ምርጫ ሌላው የቆፋሪዎች መሪ አሌክሳንደር ማክዶናልድ በስታፎርድ አሸነፈ። በርት እስከ 1918 እንደራሴ ሆኖ ቆየ። በዚያን ዘመን ፓርላማው የሚያውቀው ደሞዝተኛ እንደራሴ ከመንግሥት ሹመት ያለውን ነው፤ በርትን ግን ያኖሩት ከመሬት ሥር የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

በ1883 ሌላ ሕግ መጣ። እያንዳንዱ ዕጩ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ተበጀለት፣ ማብላትና ማጠጣትም በብርቱ ተቀጣ። በ1880 ምርጫ ዕጩዎች ያወጡት ጠቅላላ ገንዘብ ከ1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ይበልጥ ነበር፤ በ1885፣ መራጩ በብዙ ጨምሮ ሳለ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወረደ።

በ1900 የሠራተኛ ማኅበራትና ሶሻሊስቶች ለንደን ተሰብስበው በኋላ ሌበር ፓርቲ የሆነውን ኮሚቴ መሠረቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የደሞዙን ጥያቄ እንደ እድር መዋጮ ፈቱት። እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ፔኒ ያዋጣል፣ ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ እንደራሴ በዓመት 200 ፓውንድ ይከፈላል። በ1906 ምርጫ 29 ሰዎች አስገቡ።

ዋልተር ኦስቦርን የተባለ የባቡር ሠራተኛ ግን ይህ አልተዋጠለትም። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ነበርና፣ ማኅበሬ ከእኔ በሚሰበስበው ገንዘብ የማልደግፈውን ፓርቲ እንደራሴዎች ሊያኖር አይገባም ብሎ ከሰሰ። በታኅሣሥ 1909 የጌቶች ምክር ቤት ፈረደለት። የሠራተኛ ማኅበራት ገንዘባቸውን ለፖለቲካ ማዋል ተከለከሉ፤ በርካታ እንደራሴዎችም ደሞዛቸው ተቋረጠ። በነሐሴ 1911 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ለተመረጡት እንደራሴዎች ከመንግሥት ካዝና በዓመት 400 ፓውንድ እንዲከፈል አስወሰነ። ቻርተሩ ከ73 ዓመት በፊት የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ገቢ የሌለው አይግባ ካለው ሕግ፣ ለገባው ይከፈለው እስካለው ውሳኔ ድረስ ልክ 200 ዓመት ሆነ።

በ1918 የምርጫ ጣቢያው ወጪም ወደ መንግሥት ዞረ፤ ዕድሜያቸው ከ30 በላይ የሆኑ ብዙ ሴቶችም የመምረጥ መብት አገኙ። ያው ሕግ ግን ሌላ መሰናክል አበጀ። ዕጩ ሁሉ 150 ፓውንድ ማስያዣ እንዲያስይዝ፣ ከድምፁ አንድ ስምንተኛ ካላገኘም ገንዘቡ እንዲወረስ አዘዘ። ምክንያቱ ለቀልድ የሚወዳደሩትን መከልከል ነበር። ለተራ ሠራተኛ ግን 150 ፓውንድ የብዙ ወራት ደሞዝ ነው።

ብሪታንያ የሻረችው መስፈርት 97 ዓመት ቆይቶ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጻፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ25ኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ ነበሩ። የአዲሱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 ግን ዕጩው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ወረዳው የሚኖርና በዚያው የምርጫ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዛል። ጭሰኛው መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ገና አልተመሠረተም። የኖርዘምበርላንድ ቆፋሪዎች ለበርት እንዳደረጉት አዋጥቶ የሚያቀርብ ድርጅት ስላልነበረ እያንዳንዱ ዕጩ በራሱ ኪስና በዘመዱ ተማመነ። አምስት ምርጫዎች በዚህ መልክ ተካሄዱ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ምክር ቤቱን በተነው።

የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ ሲመዘን፣ ለብሪታንያ ሠራተኛ መንገዱን የከፈተለት የ1858ቱ ሽረት አይደለም። ሽረቱ በወረቀት ላይ ያለውን ነው የሰረዘው። ሰው ያስገቡት የቆፋሪዎቹ መዋጮ፣ የ1883ቱ ጣሪያና የ1911ዱ ደሞዝ ናቸው። ማስያዣው ግን አልተነሳም። በ1985 ወደ 500 ፓውንድ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ድምፅ ወደ 5 ከመቶ ዝቅ ተደረገ፤ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ዛሬም ይህን ገንዘብ ሳያስይዝ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አይወጣም።