የድንቅነሽ አምሳያ

ከቆቦ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ከዞብል ተራሮች ማዶ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። በዚያው ቆላ፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብላ በምትገኘው ሐዳር፣ ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገኘች፤ 60ዎቹ በተረሸኑ ማግስት መሆኑ ነው። የወሎ ረኃብ በራያና ቆቦ ያደረሰው እልቂትም ገና ትኩስ ነበር። ለአንድ ሰው አጥንት የሚጨነቁበት ዘመን አልነበረም።

3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አጥንት በየእጁ አይዳሰስምና አምሳያ ይወጣለታል። ከምን? ጀሶ ርካሽ ነው፤ ግን ሲወድቅ ይሰበራል፤ ስስ ጠርዙም ይፈረፈራል። ከማጠንከሪያው ጋር ተዋሕዶ በሲሊኮን ፎርማ ውስጥ የሚደርቀው ሰው ሠራሽ ሙጫ ግን የጥርስን ጭረት ሳይቀር ይቀዳል። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቶሎ ይደርቃል፤ ኢፖክሲ ቢዘገይም ለስስ የጎድን አጥንት ይበልጥ ይጠነክራል። ለተማሪ እጅ እኔ ኢፖክሲን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ብርቱ አምሳያ እያለ፣ ዋናው አጥንት በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጭኖ እስከ 2005 ዓ.ም. ቆየ። መጓዝ የነበረባትስ የሙጫዋ ድንቅነሽ ነበረች። የዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን እንኳ አጥንቱ ለጉዞ አይመችም ብሎ ትርኢቱን ሳይቀበል ቀርቷል። በእነዚያ ዓመታት ከቆቦ ተነሥቶ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የደረሰ ተማሪ ያየው አምሳያዋን ነው።