መስቀሉ መቼ እንደገባ እናውቃለን፤ ዓሣውስ?

መስከረም 21 ግሸን የወጣ ሰው ግማደ መስቀሉ እንዴት እንደመጣ ያለ ማስታወሻ ይተርክላችኋል። ዐፄ ዳዊት እንዳስመጡት፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ማረፊያ ፍለጋ አገር ለአገር እንደዞሩ፣ በመጨረሻ አምባሰል ውስጥ የመስቀል ቅርፅ ያለው አምባ ተገኝቶ እዚያ እንዳረፈ ይነግራችኋል። መጽሐፈ ጤፉት የሚባለውም ይህንኑ ታሪክ ይዞ ተቀምጧል። ማን አስመጣው፣ ማን ተቀበለው፣ የት አረፈ፤ ለሁሉም መልስ አለ።

ያው ተሳላሚ ከግሸን ሲመለስ ሐይቅ ከተማ ጎራ ይልና ዓሣ ጥብስ ያዛል። ከእነ ጭንቅላቱ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ከሚጥሚጣና ከሎሚ ጋር። «ይህ ዓሣስ ከየት መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል። ከሐይቁ ነዋ!

ልክ ነው፣ ከሐይቁ ነው። ሐይቁ ውስጥስ ማን አስገባው? ቆሮሶ፣ ተመራማሪዎቹ የናይል ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ ሐይቅ ውስጥ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በእኛ 1970 ዓ.ም. ገደማ። በአባቶቻችን ዘመን የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ውኃ የተጻፉ ጥናቶችን ብታገላብጡ ይህ ነገር በአንድ መስመር ይታለፋል፦ በ1978 ቲላፒያ ተለቀቀ። ነጥብ። ከ600 ዓመት በፊት አምባ ላይ ስለወጣው መስቀል ዝርዝር የሚያውቅ አገር፣ ትናንት በመኪና ተጭኖ ስለመጣ ዓሣ አንድ መስመር ብቻ መያዙ ይከነክነኛል።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው ትንሽ ልበል። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ጥልቀቱ ያስደነግጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲለካ 88 ሜትር ተገኝቷል። ከጣና ጋር አወዳድሩት፦ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከበላዩ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ውኃ በአንቀርካ ወንዝ በኩል ወደ እሱ ይወርዳል። ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረም ተረት አለው። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ እግዚአብሔርም ዙሪያውን ውኃ አደረገው፣ ሴትየዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ደሴቲቱ ላይ ነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ ከቤተ መንግሥት ጋር የሚሠራበት ትልቅ ገዳም። ውኃው ለዚህ ገዳም አጥር ነበር። ግሸንን ገደሉ እንደጠበቀው እስጢፋኖስን ውኃው ጠብቆታል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሲደርስ እንኳ ጉዳዩ የፈረስና የጎራዴ ብቻ አልነበረም፤ ውኃውን መሻገሪያ ተንሳፋፊ መሥራት ግድ ሆኖበታል። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ደሴቲቱ ከየብሱ ጋር ተያይዛለች፣ በእግር ይገባል።

ታዲያ ከቆሮሶ በፊት ሐይቁ ባዶ ነበር? አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንን ሐይቅ አይቶ ጽፏል። መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ሲሻገሩ ተመልክቷል። ከዚያ ደግሞ ስለ አንድ ዓሣ ያወራል፦ ትልቅ፣ ገላው ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ እንደ ጉርጥ የሚያስጠላ፣ ግን ስቡና ጣዕሙ ወደር የሌለው። አምባዛን አይቶ የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዲነገረው አይፈልግም። አንድ እንግዳ ቄስ ከ500 ዓመት በፊት ስለ ሐይቃችን አምባዛ መልክና ጣዕም የተወልን ማስታወሻ፣ እኛ ስለ ራሳችን ቆሮሶ ከያዝነው ይበልጣል። (አልቫሬዝ ምግብ የሚወድ ሰው እንደነበር መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ይስማማል።)

አሁን ከወሎ ወጥተን ሩቅ እንሂድ፣ ምክንያት አለኝ። አሜሪካ ውስጥ በባሕር ዳርቻ ቆሞ ባስ የሚባል ዓሣ ማጥመድ ትልቅ ስፖርት ነው። በተለይ «ፍላይ» የሚሉት ዘዴ፦ መንጠቆው ላይ ትል አይሰካም፤ ላባና ጸጉር ተጠቅልሎበት ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ ይመስላል። መንጠቆው ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው፣ መንጠቆው ተከትሎ ይሄዳል። እንደ ጅራፍ አስቡት። እረኛ ሆኖ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ቶሎ ይለምደዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። የሚያጠምዱት ባለመስመሩን ባስ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ኑሮው ጨው ውኃ ውስጥ ሆኖ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል።

ይህ ዓሣ በተፈጥሮው የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ዛሬ ግን በፓስፊክ በኩል፣ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብም ይጠመዳል። እንዴት ደረሰ? እ.ኤ.አ. በ1879 ኒው ጀርሲ ካለው ናቬሲንክ ወንዝ ከ130 በላይ ትንንሽ ዓሦች ተይዘው፣ በባቡር አህጉሩን አቋርጠው፣ ካሊፎርኒያ ማርቲኔዝ የምትባል ቦታ ተለቀቁ። በ1882 ደግሞ 300 ያህል ተጨመሩ። 10 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ይሸጡ ጀመር። በ1935 ለንግድ ማጥመድ ተከለከለና ዓሣው ለመንጠቆ ብቻ ተተወ። ጥሩ ሠሩ ወይስ መጥፎ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ባሱ የአገሩን የሳልመን ጫጩት ይበላል የሚሉ አሉ። ግን አያችሁ፣ የሚከራከሩት በቁጥር ነው። ከየትኛው ወንዝ፣ ስንት ራስ፣ በየትኛው ዓመት፣ የት ተለቀቀ የሚለው በእጃቸው ነው። ከ140 ዓመት በኋላም ፋይሉ አልጠፋም።

እኛም አገር የፍላይ ዘንግ ገብቷል። ወሎ ሳይሆን ባሌ። እ.ኤ.አ. በ1905 ኬንያ ውስጥ ኢዋርት ግሮገን የሚባል እንግሊዛዊ ሠፋሪ ከስኮትላንድ የመጣ ቡናማ ትራውት አበርዴር ተራሮች ላይ ጉራ በሚባል ወንዝ ለቀቀ። ሠፋሪዎቹ ያገራቸውን ጨዋታ ይዘው ነው የመጡት፣ መጫወቻው ዓሣ ደግሞ አልነበረም፤ ስለዚህ አስመጡት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከኬንያ የመጣ ትራውት፣ ቡናማውም ቀስተ ደመና የሚባለውም፣ ወደ ባሌ ወንዞች፣ ወደ ዌብና ወደ ዳንካ ገባ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ተስማማው። ዛሬም ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ዘንግ ይዘው እዚያ ይቆማሉ።

የባሌው ትራውትና የሐይቁ ቆሮሶ የሚለያዩት በዓላማቸው ነው። ትራውቱ ለጨዋታ ገባ፣ ቆሮሶው ለጉርሻ። 1970 ዓ.ም. ማለት ወሎ በ1965 እና 66ቱ ረሃብ ከተመታ ገና አራት ዓመቱ ነው። ሕዝብ ያለቀበት አገር ውስጥ፣ አምባዛ ብቻ የሚያውቁት ጥልቅ ውኃ፣ ቶሎ የሚራባና ሥጋው የሚወደድ ዓሣ ቢጨመርበት ምን አለ? እኔ በዚያ ቀን የግብርና ሠራተኛ ብሆን ኖሮ በርሜሉን ራሴ እሸከም ነበር። ውጤቱንም ማንም አይክደውም። መረብ ጥሎ የሚያድር ወጣት፣ ዓሣ ጠብሳ ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ለጾም ዓሣ ከሐይቅ የምታስመጣ ደሴ፤ ይህ ሁሉ ከዚያች ጭነት የወጣ ኑሮ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። የኮሜንት መስጫውንም ለዚህ እንዳታውሉት አደራ!)

ችግሩ ያለው ውኃው ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች ሐይቁን ሲያጠኑ እጅግ የጠራ ውኃ አገኙ። ከዚያ በኋላ የመጡትም መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ግን የቀድሞዎቹን መዝገቦች ከራሳቸው ልኬት ጋር ሲያነጻጽር ሌላ ሐይቅ ነው ያገኘው፦ ጥራቱ በጣም ቀንሷል፣ ውኃው በአልጌ አረንጓዴ ሆኗል። ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ቆሮሶው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ውኃ ውስጥ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን እንስሳት አሉ፤ ሥራቸው አልጌ መብላት ነው። የሐይቁ ጠራጊዎች በሏቸው። ቆሮሶ፣ በተለይ ጫጩቱ፣ እነዚህን ይለቅማል። ጠራጊው ሲያልቅ አልጌው ይነግሣል፣ አልጌው ሲነግሥ ብርሃን ወደ ታች አይወርድም። ዙሪያው ያለው ተራራ ታርሶ አፈሩ ሲታጠብ ደግሞ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፦ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጣና ቢቆሽሽ ዓባይ ትንሽ ይወስድለታል። ሐይቅ ማን ይወስድለታል?

ጥፋቱ ሁሉ የዓሣው ነው እያልኩ አይደለም። የእርሻው ድርሻ ስንት፣ የዓሣው ስንት የሚለውን ለመለየት ግን መነሻው መታወቅ ነበረበት። ስንት ዓሣ ገባ? ከየትኛው ሐይቅ ተቀዳ? በተለቀቀበት ወር ውኃው ምን ይመስል ነበር? ካሊፎርኒያዎቹ በ1879 የመዘገቡትን እኛ ከ100 ዓመት በኋላ የአገር ወግ ማድረግ አቃተን። ለፍትሐዊነት ልናገር፦ ጨርሶ የደከመ የለም ማለት አይቻልም። ሽብሩ ተድላ እና ፍስሐ ኃይለ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ ከውኃ ወደ ውኃ ስለተዛወሩ ዓሦች ጽሑፍ አውጥተዋል። ሁለት ሰዎች ናቸው የአንድ መንግሥት መዝገብ ቤት የሚሠራውን ሥራ የሠሩት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ቆሮሶው ሐይቅ ከገባ 25 ዓመት አልፎት። አያት ከሆነ በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት እንደማውጣት ቁጠሩት።

ሰው «ያለፈ ነገር ነው፣ ዓሣውን አሁን ማውጣት አይቻል» ይለኛል። አይቻልም፣ መውጣትም የለበትም፤ የሰው እንጀራ ሆኗል። ዛሬም ግን ያው ነገር ይደገማል። አገሪቱ ውስጥ አዲስ ግድብ በተሠራ ቁጥር ጫጩት ይለቀቃል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ባለሥልጣኑ ባልዲ ይገለብጣል፣ ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ተለቀቀ ተብሎ በዜና ይነገራል። ከባልዲው በፊት ውኃው ውስጥ ምን ይኖር እንደነበር የሚናገር ዜና ግን አላጋጠመኝም።

ሐይቅ ላይ አሁንም ያልመሸ ነገር አለ። በ1970 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላው የሐይቅ ልጅ ዛሬ ወደ 70 እየተጠጋ ነው። መኪናው የት ቆመ፣ ዓሣው በምን መጣ፣ መነኮሳቱ ምን አሉ፣ የመጀመሪያውን ቆሮሶ ማን አወጣ፣ ያኔ ከታንኳ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲያይ ምን ይታየው ነበር ብሎ የሚጠይቀው ቢያገኝ ይመልሳል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፣ ከሐይቅ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። የታሪክ ተማሪ የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ ሲል ስሰማ ይገርመኛል።

የውኃውን ጥራት መከታተልም ቢሆን ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ተመራማሪዎች ዛሬም የሚጠቀሙበትን መለኪያ የፈለሰፈው ቄስ ነው፤ አንጄሎ ሴኪ የሚባል የሮም ኢየሱሳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1865፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መርከብ ላይ ሆኖ። ነጭ ሳህን በገመድ ታስሮ ወደ ውኃ ይወርዳል፣ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል፣ በቃ። ጣሊያኖቹም ኤልሳቤጥም የለኩት በዚሁ ነው። ገዳሙ ታንኳ አለው፣ ጽሕፈትም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ ሙያው ነው። በየወሩ በ17፣ በእስጢፋኖስ ዕለተ ቀን፣ ባይመች በ12፣ አንድ ዲያቆን ሳህኗን አውርዶ ቁጥሯን ደብተር ላይ ቢያሰፍር፣ ከደብተሩም አንዱ ቅጂ ከተማው ለሚገኘው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢሰጥ፣ መረቡን የሚጥለው ልጅ ከሥሩ ያለው ውኃ ካምናው ይሻል ወይም ይባስ እንደሆነ በቁጥር ያውቃል።