ከፖስታ እስከ ኢንተርኔት

መምህርና ተማሪ ሳይተያዩ የሚሰጥ ከፍተኛ ትምህርት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የተልእኮ ትምህርት ታሪኩ ረጅም ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ የትም ያጠና ሰው ለዲግሪ ፈተና እንዲቀመጥ ፈቀደ። ፈተናውን ሰጠ እንጂ አላስተማረም፤ ተማሪው ብቻውን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይህን ጉድለት ለማረም ጣረ። በ1971 ሥራ ሲጀምር መጽሐፉን በፖስታ ላከ፤ ትምህርቱንም በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አሰራጨ። ከሁሉም በላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ አስተማሪ መደበለት፤ የቤት ሥራው ታርሞ፣ አስተያየት ተጽፎበት ይመለስለት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ የተቋቋመው የታንዛኒያ ክፍት ዩኒቨርሲቲ በየክፍለ ሀገሩ ማዕከላት ከፍቶ ተማሪዎቹን ይረዳል።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጥ ትምህርት በነፃ ቢቀርብ ወደ 160,000 ሰው ተመዘገበ። የፈጸሙት ግን ወደ 23,000 ገደማ ነበሩ። ይህን ያህል ሕዝብ የሚይዝ የመማሪያ ክፍል የለምና የመሣሪያው ኃይል የሚካድ አይደለም። ድክመቱም ከዚሁ ይታያል፤ ትምህርቱን ለሁሉ አደረሰ፣ አብዛኛውን ተማሪ ግን ይዞ ማቆየት አልቻለም።

እንግዲህ የኢንተርኔት ትምህርት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ የቤት ሥራውን የሚያርመው ማነው? ተማሪው ሲጠፋስ «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚጠይቀው ማነው? ብለን እንጠይቅ። መሣሪያው በየዘመኑ ይለወጣል፤ ይህ ሥራ ግን ዛሬም የመምህሩ ነው።