የቱቦው አፍ

በሳዑዲዎቹ ከተሞች በደማምና በኮባር በበጋ ኤሲ የሚጠግን ሰው ሥራ ፈትቶ አያድርም። ሙቀቱ 45 ዲግሪ ማለፉ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ሲጨመርበት ግን ሸሚዝ ገና ከደጃፍ ሳይርቁ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። መንግሥትም ቢሆን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ከልክሏል። ጣሪያ ላይ የሚውለው የኤሲ ሠራተኛ ስለዚህ ማለዳውንና አመሻሹን ይሻማል።

እኛ ሐበሾች ወደዚህ ሙያ የገባነው በጓሮ በር ነው። የመጣነው ሾፌር፣ ጥበቃ፣ የቀን ሠራተኛ ተብለን ነበር፤ እህቶቻችን ደግሞ በየሰው ቤት። ኤሲ ደማም ውስጥ ከቆዩ ኢንዱስትሪዎች አንዱ ነው፤ ዛሚል የተባለው ኩባንያ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ያመርታል። ገጠማውና ጥገናው ግን በአመዛኙ በኬረላ ሕንዶችና በፓኪስታኖች እጅ ነበር። ሐበሻው መጀመሪያ መሰላል ያዥ ሆነ፤ ቀጥሎ ማጣሪያ አጣቢ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቱቦ ቁረጥ ተባለ። እንደኔ እንደኔ ሙያው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ ብዙው ሰው የሚወድቀውም እዚያው ነው።

የስፕሊት ኤሲ የውስጡና የውጭው ክፍል በሁለት የመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። ለ18 ሺህ ቢቲዩ ብዙ ጊዜ ሩብ እና ግማሽ ኢንች ነው፤ ቀጭኑ ፈሳሹን፣ ወፍራሙ ጋዙን ያመላልሳል። ቱቦው በልኩ ይቆረጣል፣ አፉ ይጠረጋል፣ በ45 ዲግሪ እንደ ጥሩንባ ይከፈትና በዳዶ ይታሰራል። ጋዝ ካፈሰሰ በአብዛኛው የሚያፈሰው ከዚያች ከተከፈተች አፍ ነው።

አዲስ መጪ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰጌቶ ነው፤ አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ የለመደው እሱን ነዋ። ሰጌቶ ቆርጦ ይጨርሳል፤ ብናኙን ግን ቱቦው ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። ብናኙ ከጋዙ ጋር ይዞርና ወይ ጠባቡን ማለፊያ ይደፍናል ወይ ኮምፕረሰሩን ይበላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ክብ ምላጭ ያለው፣ ቱቦውን እየዞረ የሚቆርጥ መቁረጫ ነው። የኮባሯ ቱቅባ ሰፈር የዕቃ መደብሮች በዚህ ዕቃ የተሞሉ ናቸው፤ ከ1923 ጀምሮ ያለው የአሜሪካኑ ሪጅድም አለ፣ ስሙ እንኳ በወጉ የማይነበብም አለ። ስም ሳያዩ መምረጥ ይቻላል። ቁራጭ ቱቦ ይዘው ይሂዱ፣ ምላጩን በስሱ አስነክተው አንድ ዙር ያዙሩ። ጭረቱ ተመልሶ ከመነሻው ላይ ከገጠመ መቁረጫው ደህና ነው። እንደ ብሎን ጥርስ ወደ ጎን እየሸሸ ከሄደ ምላጩና ተሽከርካሪው አልተስተካከሉም፤ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት። መለዋወጫ ምላጭ መኖሩንም ይጠይቁ፤ የደነዘዘ ምላጭ መዳቡን አይቆርጠውም፣ ይጫነዋል።

ጥሩውም መቁረጫ ቢሆን ወደ ውስጥ የታጠፈች ከንፈር ትቶ ያልፋል። የቸኮለ ሰው እጀታውን በየዙሩ አብዝቶ ስለሚያጠብቅ ከንፈሯ ትወፍራለች። እሷን የሚያነሳው ሪመር ነው። ከመቁረጫው ጀርባ ተጣጥፎ የሚመጣው ምላጭ ለጭንቅ ቀን ካልሆነ አይረባም ባይ ነኝ። ውስጡንም ውጩንም የሚጠርገው ባለ ሾጣጣ ሪመር ለግማሽና ለአምስት ስምንተኛ ኢንች ምቹ ነው። ለሩብ ኢንች ግን ጫፉ ላይ የሚዞር ቆልማማ ምላጭ ያለውን፣ ብዕር የሚመስለውን እመርጣለሁ፤ ምን ያህል እንደላጨ እጅ ላይ ይሰማል። ቱቦው አፉን ወደ መሬት ደፍቶ መያዝ አለበት፣ ያለዚያ ከሰጌቶው አልተሻለም። አብዝቶ መላጨትም ጥፋት ነው፤ ጠርዙ ይሳሳና ሲከፈት ይሰነጠቃል። አር-22 በሚባለው ጋዝ ዘመን እንዲህ ያለው ጥፋት ተደብቆ ሊቆይ ይችል ነበር። አር-410ኤ የተባለው ጋዝ ግን ግፊቱ የእሱን 1.6 እጥፍ ገደማ ስለሆነ አይምርም።

በነገራችን ላይ፣ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና ሞልተው ዒላማ የሚተኩሱ ፈረንጆች ጭንቀታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። የቀለሁ አንገት ሲተኮስ ይረዝማል፤ በልኩ ይቆረጣል፣ አፉ ከውስጥም ከውጭም ይጠረጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ይለሰልሳል። መዳብም ደጋግመው ካጠፉት እንዲሁ ይደርቃል። ከመካከላችን አንድ የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ይህን የነገርኩት ዕለት ሪመር ለምን እንደሚያስፈልግ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ሙያው በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በቦርሳ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሲያልቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ከሳዑዲ ተመለሰ። ከዚያም ወዲህ በኤግዚት፣ ማለትም በመውጫ ቪዛ፣ ጠቅልሎ የሚወጣው አላቋረጠም። የሚሄድ ሰው ቫኩም ፓምፑንና ጌጁን ይሸጣል፤ ዋጋ ያወጣሉ። መቁረጫና ሪመሩ ግን እንዲሁ ለሚቀረው ይሰጣሉ፤ ዓርብ ዓርብ ደማም ሲኮ በሚባለው አካባቢ ስንገናኝ ዕቃው ብቻ ሳይሆን አያያዙም አብሮ ይሰጣል። እኔን ያስተማረኝ የኬረላ ሰው የጠረግኩትን ቱቦ በብርሃን አሻግሮ ሳያይ አፉን እንድከፍት አይፈቅድም ነበር። ዛሬ ሐበሻ ልጆች ያንኑ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ከማን እንደመጣ አያውቁም። አንዳንዶቹ ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) ላይ ያለውን ሙያ አስቀይረው በስማቸው ይሠራሉ። ያላስቀየረ ሲያዝ ይቀጣል፤ ይህን ለጀማሪ ሳልነግር ዕቃ አልሰጥም።

አሁንም ያልተስማማንበት ነገር ቶርክ መፍቻ ነው። የግማሽ ኢንች ዳዶ ከ49 እስከ 61 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ነባሮቹ እጃችን ልኩን ያውቀዋል ይላሉ። እኔ በማታ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ እጄን አላምነውም።

አዲስ አበባ ኤሲ ብዙም አይፈልግም። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ይፈልጋሉ፤ የማቀዝቀዣ ክፍል የሚሠራም ሰው የሚይዘው ይህንኑ መዳብ ነው። ወደዚያ የገቡት ልጆች ሲደውሉ ፓምፕ ላኩልን አይሉም። የሚጠይቁት የብዕሩን ሪመር ምላጭ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሁሉ በፖስታ አጥፎ ይይዝላቸዋል።