የሞግዚት ደመወዝ ቤተሰቡ ለእረፍት ሲጓዝ፦ ከእንግሊዝ የቀለብ ክፍያ እስከ ዓመት ፈቃድ ሕግ

አሠሪ ቤተሰብ ለእረፍት ከቤቱ ርቆ በሚሰነብትባቸው ሳምንታት የልጆቹ ሞግዚት ደመወዟ ይከፈላት ወይስ ይቋረጥባት የሚለው ጥያቄ የቅርብ ጊዜ ሙግት ቢመስልም፣ በእንግሊዝ ሀገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ለመረዳት የአሠሪዎችን ደግነት ወይም ንፍገት ከመመዘን ይልቅ ደመወዝ በየዘመኑ የምን ዋጋ ተደርጎ ይታይ እንደነበር መመርመር ይበጃል፤ ሠራተኛዋ ዓመቷን በሙሉ ለቤቱ እንደ ሰጠች በሚቆጠርበት ዘመን የቤተሰቡ መሄድ ደመወዟን አይነካም ነበር፣ የሠራችው ሰዓት ብቻ በሚቆጠርበት ዘመን ግን የአሠሪዋ እረፍት ለእሷ ገቢ ማጣት ሆነ።

በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ መኳንንትና ባለጸጎች አንድ ቤት በሎንዶን፣ ሌላ ቤት ደግሞ በገጠር ርስታቸው ይይዙ ነበር። ፓርላማ በሚሰበሰብበትና ግብዣው በሚደራበት ወቅት በዋና ከተማዋ ይከርሙና፣ የወፍ አደን እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን በሚከፈትበት ሰሞን ወደ ገጠር ወይም ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሠራተኞቹ ከፊሉ ቤተሰቡን ተከትሎ ሲሄድ፣ ከፊሉ ቤት ጠባቂና አጽጂ ሆኖ ይቀራል። የሠራተኛ ምግብ ከጌታው ማድ ቤት ይወጣ ስለ ነበርና ጌቶቹ ሲሄዱ ማድ ቤቱ ስለሚዘጋ፣ ለቀሪዎቹ «ቦርድ ዌጅስ» የሚባል፣ በምግብ ምትክ በየሳምንቱ በእጃቸው የሚሰጥ የቀለብ ገንዘብ ይቆረጥላቸው ነበር። ይህ ክፍያ በዋናው ደመወዝ ላይ የሚታከል እንጂ እሱን የሚተካ አልነበረም፤ ቅጥሩ በዓመት ሂሳብ የሚሰላ ስለ ነበርና አሠሪም ሠራተኛን ለማሰናበት በልማድ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ወይም የአንድ ወር ደመወዝ መስጠት ስለ ነበረበት፣ ቤተሰቡ መሄዱ ብቻውን ደመወዝ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ነበር።

የሞግዚቷ ሁኔታ ግን ከጽዳት ሠራተኞችና ከምግብ አብሳዮች ይለይ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ብራይተን፣ ወደ ብሮድስቴርስ ወይም ወደ ስካርብራ የባሕር ዳርቻ ሲወርድ እሷም ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች፤ ወላጆቹ ብቻቸውን ወደ አውሮፓ ሲሻገሩ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ቤት ትቀራለች። ስለዚህ የሌሎች እረፍት ለእሷ ሥራ ነበር፤ በማያውቁት ቤት ሕፃናትን ማስተኛትና ከማዕበል መጠበቅ ከዘወትሩ የከበደ እንደ ሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1861 በመጽሐፍ መልክ የታተመው የኢዛቤላ ቢተን ታዋቂ የቤት አስተዳደር መጽሐፍ ለዋና ሞግዚት ከ15 እስከ 30 ፓውንድ፣ ለረዳት ሞግዚት ደግሞ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ መድቦ፣ ሻይ፣ ስኳርና ቢራ በአሠሪው የሚቀርብላቸው ከሆነ መጠኑ ዝቅ እንደሚል በሠንጠረዥ ያሳያል። በዚህ ስሌት ምግቡ ተመዝኖ ተተምኗል፣ ዓመቱም ተተምኗል፤ የሞግዚቷ የራሷ ቀን ግን በየትኛውም ዓምድ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ወላጆቿን ለመጠየቅ የምታገኘው ፈቃድም በእመቤቷ መልካም ፈቃድ ላይ ያረፈ ነበር። ደመወዟ የማይቋረጠው እሷ ራሷ ከሥራ ስለማታርፍ ስለ ነበር፣ ያንን ዘመን የዋስትና ዘመን ብሎ ማወደስ ትልቅ ስሕተት ነው።

ኤሚሊ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1892 ኖርላንድ የተባለውን የሞግዚቶች ማሠልጠኛ በሎንዶን ስታቋቁም ሞግዚትነት በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆን ጀመረ፤ ሕጉ ግን ለሙያው ዘግይቶ ደረሰ። የ1920 የሥራ አጥነት መድን ሕግ የቤት ሠራተኞችን ስላገለለ፣ አሠሪዋ ለወራት ሲሄድ የተሰናበተች ሞግዚት የምትጠጋበት የመንግሥት ድጎማ አልነበረም። የ1938 ሕግም ደመወዝ የማይቋረጥበትን እረፍት ለመወሰን ሥልጣን የሰጠው በየሥራ ዘርፉ ለተቋቋሙ የደመወዝ ወሳኝ አካላት ሲሆን፣ የግል ቤት ሠራተኞች እንዲህ ያለ አካል ስላልነበራቸው ጥቅሙ አልደረሳቸውም። ቫዮሌት ማርክሃምና ፍሎረንስ ሃንኮክ በ1945 ለመንግሥት ያቀረቡት ዘገባ የቤት ሥራ ደረጃና ደንብ ያለው ሙያ እንዲሆን ቢጠይቅም፣ ለዚሁ ዓላማ በተከታዩ ዓመት የተቋቋመው ተቋም አሠሪዎችን የሚያስገድድ ኃይል አልነበረውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሠሪ ቤት የምታድር ሞግዚት እየቀነሰች፣ ጠዋት መጥታ ማታ ወደ ቤቷ የምትመለስ፣ በሰዓት ወይም በሳምንት የምትከፈል ሞግዚት እየበዛች ሄደች። ይህች ሴት የራሷን ቤትና ምሽት አገኘች፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ለሁለት ሳምንት በተጓዘ ቁጥር ገቢዋ የሚቆም ሆነ፣ የቤት ኪራይዋ ግን አብሮ አይቆምም። በዚህ ዘመን ያተረፈው አሠሪው እንደ ሆነ በግልጽ መናገር ይገባል፤ ቀድሞ እሱ ይሸከመው የነበረውን የመቅረት ኪሣራ አቅሙ አነስተኛ ለሆነችው ሠራተኛ አሸክሟታልና።

እ.ኤ.አ. የ1998 የብሪታንያ የሥራ ጊዜ ደንብ ይህን ሸክም በከፊል መለሰው። ደንቡ በግል ቤት የሚሠሩትን ከሳምንታዊ የሥራ ሰዓት ጣሪያ ቢያወጣቸውም ከዓመት ፈቃድ ግን አላወጣቸውም፤ ከ2009 ጀምሮም ፈቃዱ 5.6 ሳምንት፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ለምትሠራ 28 ቀን ሆኗል። አሠሪው የፈቃዱን ጊዜ ራሱ መወሰን ሲፈልግ የእረፍቱን እጥፍ ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ስላለበት፣ ከፈቃዱ ግማሹን ቤተሰቡ፣ ግማሹን ሞግዚቷ የሚመርጡበት ስምምነት በውሎች ውስጥ የተለመደ ሆነ።

ጉዳዩ ዓለም አቀፍ መልክ የያዘው የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኔቫ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያጸድቅ ነው። ከስምምነቱ ጋር የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 የቤት ሠራተኛ ቤተሰቡን ተከትላ በእረፍት ጉዞ ላይ የምታሳልፈው ጊዜ ከዓመት ፈቃዷ ሊቆጠርባት እንደማይገባ ይመክራል፤ በብራይተን የባሕር ዳርቻ ልጆች ስትጠብቅ ለኖረችው ሞግዚት ይህ ከ150 ዓመት በኋላ የመጣ ፍርድ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች መካከል ኩዌት በ2015 ለቤት ሠራተኞች የ30 ቀን፣ ኳታር ደግሞ በ2017 የሦስት ሳምንት ደመወዝ የማይቋረጥበት የዓመት ፈቃድ በሕግ ደንግገዋል፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ላለ ሠራተኛ ግን ይህ መብት ብዙ ጊዜ ከወረቀት አይወርድም።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአሠሪው ቤት ለሚኖር ሠራተኛ መኖሪያ፣ ምግብና እረፍት አሠሪው እንዲያስብ ያዛል። በአንጻሩ ለሌሎች ሠራተኞች በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ቤት ሠራተኛ ያለውን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በዚህ የተነሣ በኩዌት የምትሠራ እህት በወረቀት ላይ እንኳ ያላትን የእረፍት ቀን ቁጥር በአዲስ አበባ የምትሠራው እህቷ በአዋጁ አታገኘውም። ይህን ጉዳይ የሚገዛ ደንብ፣ አሠሪው በራሱ ውሳኔ ከቤቱ ሲርቅ የሞግዚቷ ደመወዝ እንዳይቋረጥና ቤተሰቡን ተከትላ የምትሄድበት ጊዜም እንደ ፈቃድ እንዳይቆጠርባት በግልጽ ሊደነግግ ይገባዋል።